የበር ኪራይ

ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ፣
ኬሻ እቆጥራለሁ፣ ሲወጣ ሲገባ።
አስራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ተሸክሜ፣
የሄደውን ሁሉ ሸኘሁት በስሜ።
ባሕር የሚሉትን በዓይኔ ሳላየው፣
ማዕበሉ ደሞዜን ስንቴ አዘገየው!

ቤቴ ቦሳ በኩል፣ ከጓሮ ነው፣ ኋላ፤
ከአባ ጊሳ በር መውጫ የለኝ ሌላ።
አልከፋኝም ነበር፤ ጎረቤት ነው፣ ደግ ነው፣
ባመሽ፣ በሳል ብቻ ለይቶኝ የሚከፍተው።
ሲጥ ሲጥ የምትለው ያች አሮጌ ሳንቃ፣
ሌባ ቢመጣባት ሰፈር የምታነቃ።

ዕዳ ገባ ቤቱ። አጥሩም ዘመመ።
አንድ ነጋዴ መጣ፣ አየ፣ ፈረመ፤
"በሩን ልሥራው" አለ፣ "ለሠላሳ ዓመት፤
ስሙ ያንተ ይሁን፣ ቁልፉን ለእኔ ተውት።"
እኛም አጨበጨብን። ለምን እዋሻለሁ?
ቀለሙን፣ መብራቱን፣ እኔም ወድጃለሁ።
ብረቱ ዘይት ጠጥቷል፤ ሲከፈት አይጮህም፤
ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ሰፈር አይሰማም።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ከለከለኝ፤
ያ ነጋዴ ትርፉን ሲቆጥር አልታየኝ።
ኪራይ ያዋጣው ዘንድ ሲጨነቅ አላየሁ፤
"የሚከፍልለት ማን?" እያልኩ ጠያየቅሁ።
ከሱ በላይ ጌታ ባሕር ማዶ አለለት፤
ባንዲራ ነው አሉኝ ደሞዝ የሚቆርጥለት።
ኪሳራ ማይፈራ ነጋዴ ከመጣ፣
ምን ሊገዛ ይሆን ከቤቱ የወጣ?

በመጋቢት ማለቂያ ቡሽራ ደወለልኝ፤
ከወደቡ ሆኖ፣ ድምፁ እየተቆረጠ፣ እንዲህ ሲል ነገረኝ፦
"ነስሩ፣ ሳጥኑ ቆሟል። ሰነዱ ሙሉ ነው።
ቀረጡን ከፍለናል። 'ሲስተም የለም' ነው የሚለው።"
ቡና ሸጠን፣ ለጅማ ሆስፒታል የገዛነው ጄኔሬተር፣
አስራ አንድ ሌሊት ከክሬኑ ሥር ሲያድር፤
ነርስ ዘምዘም በየማለዳው መጋዘን መጥታ፣
"ደረሰ?" ትለኛለች፤ ትሄዳለች ሻማ ገዝታ።
ከጎኑ የነሱ፣ ምን እንደሆን ያልታወቀ ጭነት፣
በሌለው ሲስተም ወጣ፤ በሌሊት፣ በፍጥነት።

"ክሬኑም ዓይን አለው" አለኝ ቡሽራ ቀስ ብሎ፤
"ሳጥን የማን እንደሆን ያውቃል ነጥሎ ነጥሎ።
መድኃኒት፣ ማዳበሪያ፣ ጥይትም ቢሆን፣ ዘይት፣
ሁሉም ተጽፎ አለ፣ በነሱ ደብተር፣ በነሱ ቤት።"

"ክፉ ናቸው እንዴ?"
"ኧረ ትሁት ናቸው፤
ሻይ ነው የሚሰጡኝ። ዛሬማ ምናቸው!
የተጣላን ዕለት፣ ጦር አያስፈልግም፤
'ሲስተም የለም' ካሉ፣ አገር አይነጋም።"

ትናንት አመሸሁኝ፤ ዝናቡ ከጅሬን
አዌቱን አደፍርሶ፣ ጭቃ አስረገጠን።
ከበሩ ስደርስ ሳልኩ፣ እንደ ድሮው ልማድ።
ባትሪ ዓይኔ ላይ በራ።
"ማን ነህ? ከየት? ለምን?"
ዘበኛው ሳሌን አያውቅም።
ደብተሩን ገለጠ። ጨዋ ነው፣ አይሳደብም።
ከጥግ ሌላ ጥላ፣ ጃኬት ተከናንቦ፣
ቆሟል እየጠበቀ፣ ውሃው በላዩ ዘንቦ።
አባ ጊሳ ኖሯል! የበሩ ባለቤት፤
ስሙ ከደብተሩ ጠፍቶ እስኪገኝለት።

ተያየን። ምን ይባል? እኛው ነን እሺ ያልን።
በእጃችን ሞረድ የለም፤
ሁለታችን ሳልን።