በረኛ

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን እጁን በጋዝ ፈትጎ፣
የከሰል አንዳጁን ወፍራም ጓንቲ የራሱ አድርጎ፣
ሙሜ ከምድር ባቡር ጋራዥ ብቅ ይላል።
መረብ የለም፤ ሁለት ቁራጭ ሐዲድ ተተክሏል፤
ከኋላው ደቻቱ፣ አሸዋ ብቻ።
የሳተችውን ኳስ ከግመሎች እግር ሥር
ሮጬ የማመጣት እኔ ነበርኩ።

በረኛ ብዙ አያወራም። ጣቱ ያወራል፦
ከጥጥ ፋብሪካው አጥቂ ጫማ ጋር የተጋጨ ዕለት
የቀኝ መሐል ጣቱ
ወደ ጅቡቲ ዞሮ ቀረ።

አሥራ አንድ ዓመት ቆመ።
ሃያ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አወጣ ይላሉ፤
እኔ የቆጠርኩት አሥራ ሰባት ነው፤ እሱ አልቆጠረም።

የገባችበትን አንዷን ግን ከዚራ ሙሉ ያውቃታል።
የዋንጫው ዕለት፣ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር፣
የጅቡቲው ባቡር ጮኾ ተነሳ፤
ሙሜ ዞረ።
ኳሷም ቀስ ብላ፣ ጫማዋን እንዳወለቀች እንግዳ፣
ገባች።

ተሰደበ። ስንት ዓመት ተጠየቀ፣
በጫት፣ በሻይ፣ በነገር።
አንድ ማታ ለእኔ ብቻ፦
«የሦስተኛውን ፉርጎ ፍሬን ጠዋት ያሰርኩት እኔ ነኝ።
የሚወርደው ቁልቁለት ነው።
ሰው የጫነ ነው።
ድምፁን ሳልሰማ እንዴት ኳስ ልይ?»

አሁን የጣቢያው በር ላይ ነው፣
ወንበሩን ከጥላው ጋር እያዞረ።
ባቡሩ ከቆመ ቆየ።
«ሙሜ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ሲሉት
«በር» ይላል፣ ሳይስቅ።

የልጆች ኳስ ወደ እሱ ስትንከባለል
እጁ ከእሱ ቀድሞ ይነሳል፤
ያቺ ጣት ብቻ
ዛሬም ወደ ባሕሩ።