አውራ ጣት

ሱር ላይ፣ ከባሕሩ አፍ፣ ጀልባ ከሚጠረብበት ሰፈር፣
የአንዲት አሮጊት እጅ ማጠብ የኔ ሥራ ነበር።
ቀኟ ጥቂት ይነቃል፤ ሞቷል ግራ ጎኗ፤
ምላሷን ግፊት አስሮት፣ የቀረላት ዐይኗ።

ሸምሳ ነው ስሟ። እኔን
እናቴ ይታክቱ ብላኝ፣ ጠላት ይታክት ስትል፣
እነሱ ግን አፋቸው አልገባ ብሏቸው «ኑራ» አሉኝ።
ገና ከበሩ ላይ፣ በስሜ እንኳን አላመኑኝ።

ማታ ማታ በለብታ ውሃ ጣት በጣት ሳጥባት፣
ከትንሿ ጀምሬ፣ በአውራው ነው የምጨርስላት።
ስንት መስመር እንዳለው፣ የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣
ከኔ በቀር በዚያ ቤት ማን ነበረ ያወቀ?

ረቡዕ ማታ ግን ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት።
በሳሙና አሸሁት፣
በሎሚ አሸሁት፣
አልለቅ አለ። ዐይኗን አየሁት።
ዐይኗ በሩን አየ።

ያኔ ነው የገባኝ ቀትር ላይ ያየሁት ነገር፦
ኸልፋን፣ የወንድሟ ልጅ፣ ግንባሯን ስሞ ነበር፤
ቴምር በትሪ አስቀምጦ፣ አንድ ሰው አስከትሎ፣
ቀለምና ወረቀት በኩታው ሥር ጠቅልሎ።
እሷ ክኒን አደንዝዟት እንቅልፍ ላይ ናት።
እንደ ሞተ ዓሣ አነሡት ጣቷን፤
ተጫኑት። ወሰዱት ቤቷን፣
ከነተምር ዛፉ፣ ከነጉድጓዱ ውሃ፣
ከነተኛችበት አልጋ።

እኔ ጫማዬን ሳስር፣ እነሱ ከሹርጣ ደረሱ፤
«ሠራተኛዋ ወረቀት ልትሰርቅ ነበር» ብለው ከሰሱ።

ሻምበል ሐሙድ ክፉ አይደለም፤ ለእሱም እማኝ ልሁን፤
ውሃ ሰጠኝ፣ ወንበር ሰጠኝ፣ አዞረልኝ ማራገቢያውን።
ብቻ ሽቱ ከጠጣ ጢም ውሸት የሚወጣ አይመስለውም፤
ማኅተም ያለው ወረቀት ካየ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው አያይም።

አስተርጓሚ መጣልኝ። ያገሬ ልጅ። ስሙ ዋሴ።
ስሙን ብቻ ስሰማ ተመለሰች ነፍሴ፤
ዋስ የሌለው ሰው በሰው አገር፣
ዋሴ ሲሉት ምን ይጠርጥር?
«ተኝታ ሳለች ጣቷን ጫኑት» አልኩ።
ዋሴ በዓረብኛ፣ ረጋ ብሎ፦
«ተኝታ ሳለች እጄን ጫንኩባት፣ ትላለች።»
ብድግ አልኩ። «ላ! ላ!» አልኩ።
ከዚህ ወዲያ ያለው ዓረብኛ ከጉሮሮዬ አልወጣም፤
የወጥ ቤት ዓረብኛ ለችሎት አይበቃም።
«ቀስ በይ ልጄ» አለኝ ሻምበሉ፣ «ተርጓሚ ተመድቦልሻል።»

እማኙ ቆሜ አለሁ፤
አማኝ ነው ያጣሁ።

«ከራሷ ልስማ» ብሎ በማግስቱ ከቤት ወሰደን።
ኸልፋን ትራሷን አቃና። ዋሴ በሩ ላይ ቆመ።
ሻምበሉ ቆቡን አውልቆ አልጋው ሥር ተንበረከከ፤
«እናቴ፣ ይህ ወረቀት በፈቃድሽ ነው?»

ቀኝ እጇ ከአንሶላው ተነሣ፤ እየተንቀጠቀጠ።
አራቱን ጣት አጠፈች፤
ስንት ጊዜ እንደፈጀባት እኔ አውቃለሁ።
አውራ ጣቷን አቆመች፤
ሰማያዊውን፣ ከዐይኑ ሥር፣
አሳየችው።

ፊቱ በራ። ሳቀ።
«አያችሁ? ጥሩ ነው አለች!»
እሱም የራሱን አውራ ጣት አነሣላት።

እናቴ ጠላት ይታክት ብላ ነበር፤ አልታከቱም።
በሦስተኛው ቀን አሳፈሩኝ፤ ደመወዜን አልከፈሉኝም።
ፎጣዋን ግን በሻንጣዬ ሥር አጥፌ አመጣሁት፤
ጥጉ ሰማያዊ ነው። ለማንም አላሳየሁት።

አሁን ኮምቦልቻ፣ ሚኒባስ ላይ፣
ረዳቱ «ሞልቷል፣ ሳበው!» ብሎ
አውራ ጣቱን ለሾፌሩ ሲያነሣ፣
ሰው ሁሉ መንገዱን ያያል፤
እኔ ጎንበስ ብዬ
ጣቱን አያለሁ።