አንካሳዋ ሰ

ላይፕሲግ፣ ከቦዩ ማዶ፣ በአንድ አሮጌ ማተሚያ ቤት፣
የእኛን ፊደል በእርሳስ ያጨቁ መሳቢያዎች አሉበት።
ጠባቂው ዲትማር ይባላል፤ ሰባውን ካለፈ ቆይቷል፤
ሀ ሁ አልቆጠረም፣ ግን ፊደሉን በጣቱ ዳብሶ ይለያል፤
ከነግልባጩ፣ ልክ እንደ መስታወት፣
ድምፁን ሳያውቅ፣ በእግርና በአንገት።

እኔ አራሚ ነኝ፤ ለሦስት ወር ተቀጥሬ፣
ከታተመው ወደ ብራናው በዐይኔ ዞሬ ዞሬ፣
አንድ ቀን ጠራኝ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ይቺስ ለምን ታነክሳለች?» አለ፣ አንዲት ፊደል ነጥሎ።

ሰ ናት። ግራ እግሯ አጠር ይላል፣ በክር ቅጥነት፤
«ሰማ» ያልነው ሳማ ሆኖ ሊለበልበን ለጥቂት።

የብራናዋን ቅጠል አወጣን፣ ቅርጹ ተቀዳባት የሚሏትን፤
ሰ-ዎቹን ቆጠርን፣ እንደ ሰዎች፣ አርባ ሁለቱን።
አንዷ ትሮጣለች፣ አንዷ ተደላድላ ተቀምጣ፣
አንዷ ቀለም ጠግባ፣ አንዷ ከስታ መቃው ሲነጣ፤
ከታች፣ ከኅዳጉ ጥግ፣ እሷን አገኘናት፦
ቁም ጸሐፊው እጁ ዝሎ፣ ወይ ጀምበር ጠልቃበት፣
ወይ ሰው ጠርቶት ቀና ሲል፣ እግሯን ሳይጨርስ የተዋት።

ፊደል ቀራጺው፣ ምስኪን፣ ታማኝ ልሁን ብሎ በእውነት፣
ድካሙን ፊደል መስሎት ቀረጸው በብረት።
ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ገጽ፣ ስንት መጽሐፍ ታትሞ፣
ያንኑ ምሽት ይደክማል፣ ሰ ሁሉ፣ ደግሞ ደጋግሞ።
ጸሐፊው እኮ ተኝቷል፤ በማግሥቱ ተነሥቶ
ሌላ ሰ ጽፏል፣ ሁለት እግሯን አጽንቶ።
እርሳስ ግን አይነጋለትም።

ዲትማር ጥቁር ጣቱን በሽርጡ ጠረገና፣
«አርባ ዓመት የደረደርሁት የአንድ ሰው ምሽት ነዋ» አለና
ሰን ወደ ጎጆዋ መለሳት፣ በቀስታ፣ እንደሚተኛ ልጅ።

አልፈርድም። የኔን ጽሕፈት «ዶሮ የጫረው» ሲሉት ነው ያደግሁ፤
ባንክ ቤት ፊርማዬ ከራሱ ተጣልቶ ሁለቴ ተመልሻለሁ።

ውሌ ሲያልቅ ዲትማር በዳቦ ከረጢት ላይ ጻፈልኝ አንድ ቃል፣
በሌላው እርሳስ፣ በእንጨቱ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።
«ሰላም» ይላል። ለኔ ሲል ከግልባጩ አቅንቶታል፤
ያቺ ሰ ግን እንዳስለመደችው፣ ግራ እግሯ አጥሯል።
አየኝ። ምላሱን ነክሶ እግሯን ወደ ታች ሳባት፣
እጁ አሳለፈ፤ ሶ ልትሆን ትንሽ ቀራት።

ሳቀ። አራሚ ነኝ፤
አላረምሁትም።