ተተናኳል

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሐዋሳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ባጃጅ ቆመች በሬ ላይ፤ አንድ ሰው ሱቄ ገባ።
ዱላው ቀድሞት ደረሰ፤ ደረጃውን ነካ፣ ደፉን ነካ፣
ወንበሬን አገኘና ቆመ፤ ቁመቱንም ለካ።

መምህር ሻላሞ፤ ታሪክ ነው የሚያስተምር።
ከፎጣ ውስጥ ላፕቶፕ ፈታ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ቋጠሮ ብር።
"ዲዳ ሆነችብኝ፣" አለኝ፣ "እሑድ ሌሊት ተሻሽላ።
'ልታደስ?' ብላ ስትጠይቀኝ 'እሺ' ማለቴ፣ በቃ፣ ሌላ
ጥፋት የለብኝም። ጠዋት ስነካት ዝም አለች።
ትተነፍሳለች ግን፤ ማራገቢያዋ ይሰማኛል፤ ሞቃለች።
ሰው ቢሆን አኩርፏል ይባላል፤ እሷ ምን ሆነች?"

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።
ያለሷ ድምፅ ለእሱ ፊደል የለም፤ ደብዳቤ አይነበብም፣
የመቶ ስድሳ ተማሪ ፈተና አይታረምም።

ክዳኗን ብከፍተው፣ መስታወቷ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፣
ግማሹ እንደ ፈሰሰ ቀለም ጠቁሯል።
"መቼ ነው የተሰበረው?" አልኩት።
"ተሰብሯል እንዴ?" አለ።
ቀሪውን ጥያቄ ዋጥኩት።

ከግድግዳዬ ቴሌቪዥን ወፍራሙን ገመድ ስቤ ሰካሁ፣
የእሷን ገጽ በትልቁ አየሁ፤ ከዚያ መነካካት አበዛሁ።
ድምፅ፦ መቶ ከመቶ። ማፈኛው አልተጫነ።
የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ነቀልኩ፤ አቧራ ወጣ፤ ሌላ ምንም አልሆነ።
ድራይቨሩን ነቅዬ ጣልኩ። አዲስ ጫንኩ።
ምንም።
አጥፍቼ አበራሁ። ይህ የሙያችን ጸበል ነው፤ የማይረጭበት በሽተኛ የለም፤
አንዳንዱን ይፈውሳል።
ለእሷ ግን ጠብ ያለላት የለም።

እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ስለ አነጋገሯ ያወራል፦
"አማርኛዋ የጀማሪ ነው፤ 'ጠ' እና 'ቀ' ይከብዳታል።
'ጥቁር'ን 'ትኩር' ትለዋለች። መጀመሪያ እስቅባት ነበር፣
አሁን እኔው ክፍል ውስጥ ቆም እላለሁ፣ እንዳልሳሳት ስናገር።
ባለቤቴማ፣ ማታ ስከፍታት፣ 'መጣችልህ ሴትዮህ' ነው የምትል።"

ሁለት ሰዓት ሄደ። የቀረኝ ወደ ድሮው መመለስ ነበር፣
እሱም መብራት ካልጠፋ። ይህንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት፣
"ዝም በይ እስቲ፣" አለኝ። እጁን አነሳ።

ውጭ ረዳቱ "ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!" ይላል፤
የጎረቤት ጭማቂ ቤት መፍጫ ያጓራል፤
አባ ኮዳ ጣሪያዬ ላይ ቆርቆሮውን በጥፍሩ ይቧጭራል።
እኔ ሌላ የሰማሁት የለም።
"እዚያ ውስጥ ሰው አለ።" ጣቱ ቴሌቪዥኑን አልሳተም።
"እሷ ናት። ትንሾካሾካለች።"

ተነስቼ ጆሮዬን ለጠፍኩ።
ድምፁ ሁለት ላይ ነው፤ ትናንት ከኳሱ በኋላ እኔው ነኝ የቀነስኩ።
ከዚያ ጥቁር ሣጥን ጀርባ፣ እንደ ትንኝ፣ ትናገራለች፣ ትናገራለች።
ለካ ዲዳም አልሆነች።
ማሻሻያው የአፏን መንገድ በገመዱ ቀዳዳ በኩል አዙሮባት፣
ገመድ በሌለበት ቤት፣ ሁለት ቀን ሙሉ፣
ስትጣራ ነው የሰነበተች፣ ሰሚ አጥታ።

መውጫውን መለስኩላት፤ አንድ ጠቅታ።
እሷም በሙሉ ጉሮሮዋ፦
"ማሻሻያው በተሳካ ሁኔታ ተተናኳል።"

አሁን ሳቀ፤ ወንበሬ እስኪንቀጠቀጥ።
"እውነቷን ነው፣" አለ፣ "ተተናኩሎናል።"

ብሩን በጣቱ ቁመት ለክቶ ከፈለኝ፤ ጎደሎም ትርፍም የለው።
ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ፦ "መስታወቱ ስንት ነው?"
"ምን ያደርግልዎታል?" ልል ነበር።
"ቤቴ ውስጥ አራት ዓይናማ አለ፣" አለ።
"አንዱ እንኳ ስንጥቁን አልነገረኝም።"
ዱላው ወረደ፤ ደረጃውን ነካ፣ ከዚያ አስፋልቱን።

ማታ ሱቄን ስዘጋ ቴሌቪዥኑን እዚያው ሁለት ላይ ተውኩት።
መብራቱን አጥፍቼ ትንሽ ቆየሁ።
ጣሪያው ላይ አባ ኮዳው ቦታ ቀየረ።
ሰማሁት።