ጥርስ የማትቆጥር ማንሻ

ኤይባር ሸለቆ ናት፣ ጠባብ እንደ ጫማ፣
ፀሐይ ቀትር ላይ፣ የምትደርስ ከተማ።
አያቴ በዚች ቤት፣
የጠመንጃ አፈሙዝ ሲሞርድ ኖረና፣
ገዢው ሲሳሳበት፣ ቱቦ በየደና፣
ከዚያ ወዲህ እዚህ፣ ብረት ሲለሰልስ፣
ለእግር ነው፣ ለዳገት፣ ለሚያለከልክ ነፍስ።

ማቺን መጣ ትናንት፣ ካፖርቱ ካፊያ ጠጥቶ፣
ብስክሌቱን በክንዱ፣ እንደ በሽተኛ ደግፎ አምጥቶ።
ስልሳ ሦስት ዓመቱ፤ ጉልበቱ ቂም ይዟል።
የእሷ ግን፣ ቀለሟ የደረቀ ወይን፣ ወገቧ ቀጥ ብሏል፤
ከሰያፉ ቱቦ፣ ግራና ቀኝ ቆመው፣
ሁለት ትንንሽ ማንሻ፣ እንደ ጥንቸል ጆሮ፣ ወደ ኋላ አዘንብለው።

«ኢዶያ» አለኝ ዝቅ ብሎ፣ ንስሐ እንደሚገባ ሰው፣
«የአራቴን ዳገት… ዘንድሮ… በእግሬ ገፍቼ ነው።
ከኩርባው ወዲያ ነው፣ ማንም አላየኝም፣
ከአንዲት አህያ በቀር፤ እሷም አትናገርም።
ልጆቼ ባለ ባትሪ ግዛ ይሉኛል፤
እኔ ከዚች ጋር ነው ማለክለክ ያማረኝ።»

ስድስት ፒኞን ከኋላ፤ ትልቁ ሃያ አንድ ጥርስ፤
ለሃያ ዓመት ጎረምሳ የተሰፋ ልብስ።
ከካርቶን አወጣሁ፣ ዘጠኝ፣ የሚያብለጨልጩ፤
የመጨረሻው ሰፊ፣ ሠላሳ ሁለት ጥርስ፣
ልክ እንደ ሰው ልጅ አፍ።

ቤኛት፣ ጎረቤቴ፣ በሩን ተደግፎ፣
«ኧረ ነውር!» አለ፣ አንገቱን አሾልፎ።
«ቅርስ እኮ ነው እቴ፣ አንቺ ያረከስሽው!
አዲስ የወይን ጠጅ፣ በአሮጌ አቁማዳ፣ ማነው የጨመረው?»
አቁማዳ ቢሆን ያፈስ ነበር፣ አልኩ በሆዴ፤
ይሄ ብረት ነው፣ ዘመዴ።

ለካሁት የኋላ ሹካ፤ መቶ ሃያ ስድስት።
የምፈልገው ሠላሳ። ጎደለኝ አራት፤
አራት ሚሊሜትር፣ የአንዲት ስንዴ ወገብ።
ብሎን በመሃሉ አጋደምኩና፣
ዳዶውን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር፣
ገፋሁ፣ ለቀቅሁ፣ ለካሁ፣ ደግሞ ገፋሁና፣
ብረት ደግ ነው፣ ቀስ ብለው ከለመኑት ይሰጣል፤
ካርቦን ልመና አያውቅም፣ ይሰነጠቃል።

ከዚያ አዲስ ካቴና። ክንደ ረጅም ካምቢዮ።
ፔዳሉን በእጄ ሳዞር፣
ቀጭ! ዘለለ። ቀጭ! ደገመ።
ቤኛት ጢሙን እያሻሸ፣ «አላልኩም?» እያለ ከበሩ ላይ ቆመ።

የፈረስን ዕድሜ፣ አፉን ገልጠው አይደል የሚያዩት?
ጎንበስ ብዬ በባትሪ፣ የፊቱን ጥርስ ገለጥኩት፤
ሾሏል፣ ተንጋዷል፣ ሊሰበር እንዳለ ማዕበል።
አርባ ዓመት ሙሉ ካቴና ልሶታል።
ጠቡ ከዕድሜ አይደለም፣ ከማለቅ ነው ጠቡ፤
ማርጀት ሌላ፣ ማለቅ ሌላ፣ ለየቅል ነው መዝገቡ።

ከአያቴ መሳቢያ ሥር፣ በቢጫ ጋዜጣ፣
ካቴና ያልነካው፣ የዚያው ዘመን እኩያ፣ ሌላ ጥርስ ወጣ።
ገጠምኩት። ዝም አለ።
ዝም እንኳ አይደለም፤ ከሩቅ ጣሪያ ላይ፣ ዝናብ የሚሄድ መሰለ።

ቀረች ማንሻዋ።
አዲሶቹ ይቆጥራሉ፤ ቀጭ አንድ፣ ቀጭ ሁለት፤
ስምንት የተማረች፣ ዘጠኝ ሲመጣባት፣
ግራ ይገባታል፤ የባዕድ ጥርስ አትቆጥርም።
ይህቺ የማቺን ግን፣ ቁጥር አልተማረችም፤
ስድስት ሁን ዘጠኝ ሁን፣ «ከየት መጣህ?» አትልም።
መሳብ ነው፣ መልቀቅ ነው፣ የምታውቀው ሁሉ፤
የቀረው የጆሮ ነው፤ ጥርሶች ሲያጉተመትሙ፣
አውራ ጣት ፀጉር ታህል ትመልሳለች፣ ዝም እስኪሉ።

እሑድ ወጣ ማቺን። ሰኞ ጠዋት መጣ፣
ባቱ ላይ የካቴና፣ ጥቁር ማኅተም ይዞ።
«ከኩርባው አለፍኩ» አለ። «አህያዋም ነበረች።
አንድ ፒኞን ተረፈኝ፣ ትልቁ። አልነካሁትም።»
«ለመቼ?» አልኩት።
«ለሰባ ዓመቴ።»
ሂሳቡን ከፈለኝ፤ መልሱን ሳይቆጥር ወጣ።

ቤኛት በሩ ላይ ነው። ዛሬ ግን አይስቅም።
«ስንት ያስወጣል…» አለ፣ መሬት መሬት እያየ፣
«ለእኔ እንኳ አይደለም፣ ለወንድሜ ነው።»
ወንድም የለውም።