ምን ነካችሁ?

በቺሎዌ ደሴት፣ በኬምቺ ወደብ ዳር፣
ዝናብ እንግዳ አይደል፤ ነዋሪ ነው፣ ነባር።
ማክሰኞ ማለዳ፣ ስደፍን የጀልባ ቀዳዳ፣
ልጅ መጣ እየሮጠ ከካርካሞዎች ጓዳ፤
«ፔጆዋ እምቢ አለች፣ ቶሎ ድረስ» አለኝ፤
መፍቻዬን ጠቅልዬ በጭቃው ወረድኩኝ።

አራት መቶ አራት ናት፤ ወተት የመሰለች፣
በኦርፊሊና አባት እጅ መንገድ የለመደች፣
ድንች ያመላለሰች፣ ሙሽራ የሸኘች፣
አንዴም ሬሳ ጭና ቀስ ብላ የሄደች።

ሰፈሩ ከቧታል፤ ሁሉም ሐኪም ሆኗል፤
አንዱ «ባትሪው ነው» ሲል፣ ሌላው «ፖምፓው ደርቋል»፤
ዓሣ ነጋዴው ደግሞ ጎማዋን ይረግጣል፤
ጎማ ስለ መነሳት ምን ያውቃል? ግን ይረግጣል።

እኔ ቶሎ አልፈታም። የፈታ ሁሉ ያውቃል?
ብሎን ከመላላቱ ጥያቄ ይቀድማል።
ባልና ሚስቱን አየሁና፦
«ትናንት ምን ነካችሁ?»

«ኧረ ምንም» አለ ኤሌውተሪዮ ቸኩሎ፣
ጥያቄዬ ገና አየር ላይ ተንጠልጥሎ።
ኦርፊሊና ዝም አለች፣ ጃንጥላዋን ይዛ፣
ለራሷ ሳትል ለሞተሩ ጋርዳ፣ ተክዛ።

«እሺ» አልኩ። የፊት መብራቱን አብርቼ አየሁት፤
ደማቅ ነው። ቁልፉን ወደ ቀኝ አዞርኩት፤
ሞተሪኖው እኝኝ፣ እኝኝ እያለ ዞረ፤
ባትሪው ነጻ ወጣ፤ ክሱም ተሻረ።
ቱቦውን ነቀልኩት፣ በጠርሙስ ተቀበልኩ፤
ቤንዚኑ ይወርዳል፤ ፖምፓውንም አሰናበትኩ።
ካንዴላ አወጣሁ፤ እርጥብ ነው፣ ይሸታል፤
ያልነደደ ቤንዚን አፉ ላይ ቀርቷል።
ከብረት አስጠግቼ «አዙሪ!» አልኳት እሷን፤
ጠበቅሁ ሰማያዊዋን ጭረት፣ የእሳትን ነፍሷን፤

የለችም።
ጉልበቱ አለ፣ ምግቡም አለ፤
እሳቱ ግን መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ተታለለ።

ቦቢናው ጋ አለ፤ ጣቴ መሰከረ፣
እስከ ትከሻዬ ድረስ እየነዘረ።
ቀረችኝ አንዲት ቆብ፣ የዲስትሪቢውተር ክዳን፣
ለአራቱ ሲሊንደር እሳት የማደል ሥልጣን
የተሰጣት።
መንጠቆዎቿን በካቻቢቴ ጫፍ አላቀቅኩ፤
ገለበጥኳት፤ ውስጧን በእጅ ባትሪዬ ፈተሽኩ።

ላብ መስሎ፣ እንባ መስሎ፣ ውሃ አቁሯል።
«ዝናቡ!» አሉ ሁሉም፣ «ዝናቡ ገብቶባታል!»
ዝናብ? ሃምሳ ዓመት ዝናብ ላይ አድራለች፤
ደሴቱ ሲያስነጥስ እሷ ተነስታለች።
ክዳኗን ወደ አፍንጫዬ ቀስ ብዬ አስጠጋሁ፤
የዝናብን ጠረን መቼስ እኔ አላጣሁ፤
ይሄ ግን ሎሚ ነው፤ የሳህን ማጠቢያ ሳሙና ሽታ።
ማነው ሞተር የሚያጥብ፣ በዝናብ አገር፣ በማታ?

ቀና አልኩ። እሱን ግን ትኩር ብዬ አላየሁትም፤
ሰው ሲያፍር መመልከት ሞያዬ አይደለም።
ያንኑ ደገምኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፦
«ትናንት ምን ነካችሁ?»
ቃሉ ያው ነው። የነካው ቦታ ግን ተለየ።

«ከፑዌርቶ ሞንት» አለ፣ ለጫማው ሲናገር፣
«ቅዳሜ የሚመጣ... አንድ ገዢ ነበር።
ሞተሯ ከጸዳ ዋጋ ታወጣለች ቢለኝ፣
ሌሊት፣ በውሃ ቱቦ...»
አልጨረሰውም።

ኦርፊሊና ጃንጥላዋን አጠፈች።
«ክዳኗን ስጠኝ» ብላኝ ወደ ቤት ገባች፤
በእንጨት ምድጃው ጎን፣ ድንቹ በሚፈላበት፣
እንደ ጫጩት በመዳፏ ይዛ አደረቀቻት።
እኛ ውጭ ቆመናል።
ዓሣ ነጋዴው እንኳ ጎማ መርገጡን ትቷል።

መልሼ ገጠምኳት። ሚስትየው መሪው ጋ ተቀመጠች።
አንዴ እኝኝ። ሁለቴ። በሦስተኛው ተነሳች፤
ጎረቤቱ አጨበጨበ፣ የጣሪያው ውሃ ተንቀጠቀጠ፤
ኤሌውተሪዮ የጎን በሩን እጀታ ጨበጠ፣
ሳበ። ደግሞ ሳበ።
ዝጎ ይሁን ተቆልፎ፣ ያን አልመረመርኩም፤
የተጠራሁት ለሞተሩ ነው፤ ለበሩ አልተጠራሁም።