ከሆድ ነው

ሁለት የፊት ጥርሱን በቅሎ ረግጣበት፣
ያቺ ትራምፔቱ ምስማር ላይ ቀረችበት።
ዶን ኤውሎሂዮ ግን ባንዱን አልፈታም፤
"ትንፋሽ ከሆድ እንጂ ከጥርስ አይመጣም!"

ከንፈራችን አብጦ፣ እሱ ጉልበቱን ሲመታ፣
ዶ ሬ ሚ ስንቆጥር
ከበቆሎው ጎተራ ሥር ማታ ማታ፣
የኦአሃካ ተራራ ብርዱ አጥንት ሲበላ፤
ተሳስተን እንደሁ ግን፣ ወዮ የሱ ቁጣ!

የተበሳ ቱባ በሻማ ሰም ደፍኖ
ለፊደንሲዮ ሰጠ፣ እንደሚያድግ አምኖ።
(ልጁ ከቱባው ኋላ አይታይም ነበር፣
ሁለት እግር ብቻ።)

ኅዳር ላይ፣ በቀብሩ ቀን፣ ጭቃውን ስንሄድ፣
ፊደንሲዮ ሳተ፤ ድምፁ ወጣ ከመንገድ።
ሁላችን ደንግጠን ወደ ሣጥኑ ዞርን፣
ቁጣውን ጠበቅን።

ዝም።

ከመጀመሪያው ደገምን።